ምሰሶው ላይ ስላለው ካሜራ ማንን ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። የሁሉም ጉዳይ በመንገድና በግቢ ስለሚተከሉ ካሜራዎችና ሴንሰሮች ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለሆነ ረዘም አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሽምብጥ ነው። የመንገዱ ሥራ ሲያልቅ ከበራችን ፊት ለፊት አዲስ የብረት ምሰሶ ተተከለ። ጫፉ ላይ ጥቁር ኳስ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ነጭ ሳጥን አለ። እኔ ካሜራ ነው ባይ ነኝ፤ ልጆቼ የኔትወርክ ነው ይሉኛል። ግቢያችን በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ልብስ የምናሰጣው፣ ልጆች የምናጥበው፣ ቡና የምናፈላው እዚያው ነው። ቀበሌ ብጠይቅ «የእኛ አይደለም»፣ ክፍለ ከተማ ብሄድ «ከላይ የመጣ ነው» ተባልኩ። ለማን፣ ምን ብዬ ላመልክት? (አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ እናታችን፣ «የእኛ አይደለም» ያሉዎት ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በአንድ ምሰሶ ላይ የሦስት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሊሰቀል ይችላል፤ መብራቱ የአንዱ፣ አንቴናው የሌላው፣ ካሜራው የሦስተኛው። ስለዚህ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ዕቃው ተለይቶ ይታወቅ። «ምሰሶው ላይ ያለው ነገር» ብሎ የሄደ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል።

ካሜራ መስታወት አለው። ረዘም ብሎ ቆብ የደፋው ዓይነት አንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል፤ ወዴት እንደዞረም ከመሬት ሆኖ ይታወቃል። ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ጉልላት ሌንሱ ከጥቁር ሽፋን ውስጥ ስለሚደበቅ አቅጣጫው ከውጭ አይለይም። እርስዎ የገለጹት፣ ከክንድ ላይ የተንጠለጠለው ኳስ፣ የሚዞር ካሜራ ይመስላል። እንዲህ ዓይነቱ ዙሪያውን ይዞራል፣ ወደ ታች ያጎነብሳል፣ ሩቁንም 20 እና 30 እጥፍ አቅርቦ ያሳያል። ነጩ ሳጥን ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ማገናኛው የሚቀመጥበት ነው፤ እሱ አያይም። ልጆችዎ እንዳሉት የቴሌኮም አንቴና ቢሆን ኖሮ ረዥም፣ ጠፍጣፋ፣ መስታወት የሌለውና ከሥሩ ወፋፍራም ጥቁር ኬብል የሚወጣ ይሆን ነበር። የመንገድ መብራት አናት ላይ እንደ ሲኒ የተደፋችው ትንሽ ዕቃ ቀንና ሌሊት ለይታ መብራቱን የምታበራ ብቻ ናት። ፊቱ ወተት በመሰለ ፕላስቲክ የተሸፈነ ትንሽ ሳጥን ካዩ ደግሞ ሙቀት ያለው አካል ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰር ነው፤ ምስል አይቀርጽም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ይህንኑ ነው፣ ያለ ምክንያት።

ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ከጨለመ በኋላ ከግቢዎ ሆነው በስልክዎ የፊት ካሜራ ይመልከቱት። በሌሊት የሚሠሩ ብዙ ካሜራዎች ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ፤ ዐይናችን የማያየውን ይህን ብርሃን ስልኩ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ አድርጎ ያሳያል። ነጠብጣብ አለመታየቱ ግን ካሜራ ላለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በመንገድ መብራት ብቻ የሚቀርጹ አሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዕቃው ከፖሊስ ጣቢያ፣ ከካምፕ፣ ከድልድይ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከሆነ ስልክ አይደግኑበት፤ በእጅ የተሠራ ንድፍ ይበቃል።

ንድፉ እንዲህ ይሠራል። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ መንገዱን፣ ቤትዎን፣ ምሰሶውንና ሐይቁ ያለበትን አቅጣጫ ያስቀምጡ፤ ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን ስለሆነ ወረቀቱን ለሚያነበው ባለሙያ ጥሩ መነሻ ነው። ከምሰሶው እስከ አጥርዎ ያለውን ርቀት በሜትር ወይም በእርምጃ ይለኩ። የምሰሶውን ቁመት ለማወቅ መሰላል አያስፈልግም። ፀሐይ ባለችበት ሰዓት 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገው ያቁሙና የዱላውንም የምሰሶውንም ጥላ በአንድ ጊዜ ይለኩ። የዱላው ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የምሰሶው 3 ሜትር ተኩል ከሆነ ምሰሶው 7 ሜትር ነው።

ይህ ቁጥር ከደብዳቤውም በፊት ይጠቅምዎታል። ካሜራው 7 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ አጥርዎ 2 ሜትር ቢሆን፣ በመካከላቸውም 15 ሜትር ቢኖር፣ ከአጥሩ ጫፍ በላይ የሚያልፈው ዕይታ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር እየወረደ ይሄዳል። እንግዲህ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ የቆመ ሰው የሚከለለው ከአጥሩ ሥር እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ብቻ ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ፣ ከመሬት 1 ሜትር የማያልፍ ሰው ግን እስከ 3 ሜትር ድረስ አይታይም። የልጆች መታጠቢያውን ምሰሶው ባለበት በኩል፣ ወደ አጥሩ ጥግ ብታዞሩት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ትተነፍሳላችሁ። ብዙ ሰው ከምሰሶው የራቀ መስሎት ወደ ጓሮው ጥልቅ ቦታ ያዞረዋል፤ ያ ክፍል ይበልጥ የተጋለጠው ነው።

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ስለ አንድ ዕቃ ብቻም ይሁን። ዋናው ቃል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ በቤቴ ፊት ለፊት ስለተተከለ ካሜራ መረጃ እንዲሰጠኝና ግቢዬ ከቀረጻ ውጭ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ። ከአጥሬ 15 ሜትር ርቆ በሚገኝ ምሰሶ ላይ፣ በግምት 7 ሜትር ከፍታ፣ የሚዞር ካሜራ ተተክሏል። ካሜራው የመኖሪያ ግቢዬን ውስጥ ማየት የሚችል መሆኑን ከዚህ ጋር የተያያዘው ንድፍ ያሳያል። ስለዚህ የካሜራው ባለቤት የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ ለምን ዓላማ እንደተተከለ፣ ቀረጻው ለስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንዲያየው እንደተፈቀደለት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ የግቢዬም ክፍል በካሜራው ላይ እንዲሸፈንልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

«ይሸፈንልኝ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከምስሉ ላይ የተወሰነ ክፍል በጥቁር ወይም በግራጫ ሣጥን የሚሸፍን ማስተካከያ አላቸው፤ የተሸፈነው ክፍል አይታይም፣ አይቀረጽምም። በሚዞሩት ካሜራዎች ላይ፣ ካሜራው ቢዞርም ሽፋኑ ከተሸፈነው ቦታ ላይ አይለቅም። ለባለሙያው የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። «ይነሣልኝ» ካሉ ግን ጉዳዩ የበላይ ኃላፊ ውሳኔ ወደሚጠይቅ ነገር ይለወጣል፤ ደብዳቤውም ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። መነሣት የሚገባው ካሜራ የለም እያልን አይደለም። መጀመሪያ ሊፈጸም የሚችለውን ይጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ቀጣዩን።

ከደብዳቤው ግርጌ ሦስት ሕግ መጥቀስ ይበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የፌዴራልም የክልልም የመንግሥት አካላትን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ሦስተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ከወዲያ በኩል «ይህ የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል ይወቁ፤ አንቀጽ 26 ራሱ ለአገር ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላምና ወንጀልን ለመከላከል ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ያኔ ክርክሩን ከመንገዱ ወደ ግቢዎ ይመልሱት። የመንገዱ ጸጥታ መንገዱን መቅረጽ ያስፈልገው ይሆናል፤ የመታጠቢያ ቦታዎን መቅረጽ ግን አያስፈልገውም።

አድራሻው የከተማ አስተዳደሩ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይሁን፤ ግልባጭ ለክፍለ ከተማዎ፣ ለከተማው ጸጥታ መምሪያና ለከተማው ፖሊስ። ከላይ ወደ ታች የተመራ ደብዳቤ ተቀባዩን ክፍል የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው «የእኛ አይደለም» ላይ ይቆማል። ሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ አንዱን ያስገቡ፣ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ማኅተም የሌለው ቅጂ ከተጻፈበት ወረቀት አይበልጥም። መከልከል ካለም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ቀኑ ካለፈ ወይም ክልከላው ካላሳመነዎት ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሂዱ፤ የመረጃ ነፃነት አቤቱታን የሚያየው እሱ ነው፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እዚሁ ከተማ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ጉዳዩ የግል ሕይወትን የሚነካ ከሆነ እዚያም ማመልከት ይቻላል። በግል ዳታ አያያዝ ላይ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወደ ሁሉም ሲሄዱ ያቺን ማኅተም ያለባትን ቅጂና ንድፉን ይያዙ።

እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ የሚጠየቀው ነገር ቀርቶ ጥርጣሬው ይጻፋል። «እየሰለላችሁን ነው» የሚል ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበት ነጥብ የለውም፤ አንባቢውንም ይከላከል ዘንድ ይገፋፋዋል። «ለስንት ቀን ይቀመጣል?» የሚለው ግን ወይ ቁጥር ወይ ዝምታ እንጂ ሌላ ማምለጫ የለውም። ሠፈሩ ተሰብስቦ የሚፈርም ከሆነም ከእያንዳንዱ ስም ጎን የቤት ቁጥር ይግባ፤ 40 ፊርማ ያለ አድራሻ ሲቀርብ የትኛው ግቢ እንደሚሸፈን ባለሙያው ማወቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር ካለ አንድ ሆቴል ጎን ባጃጄን አቁሜ ባደርኩበት ሌሊት ባትሪዋና ትርፍ ጎማዋ ተወሰደ። ሆቴሉ ወደ ውጭ የዞረ ካሜራ አለው። በ9ኛው ቀን ሄጄ ብጠይቅ «ተሰርዟል» አሉኝ። ደብቀውኝ ይሆን? (የባጃጅ ሹፌር፣ ከፋሲሎ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስሌቱ ሳይደብቁህም ተሰርዞ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት እየጻፈ ሌት ተቀን ቢቀርጽ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ለአንድ ካሜራ 23 ቀን ያህል ይበቃል፤ ለ4 ካሜራ ከ6 ቀን አያልፍም፤ ለ8 ካሜራ 3 ቀን ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ቀረጻውን የሚያስቀምጠው ማሽን ማንንም ሳይጠይቅ የቀደመውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፋል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ቀረጻውን ይበልጥ ስለሚያጨምቁ ቀኑ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚቀርጹትም ሐይቁ ዳር አይበረክቱም። የካሜራው ኢንፍራሬድ ብርሃን የሐይቁን ትንኝ ይስባል፤ ትንኙ ሸረሪትን ይጠራል፤ ሸረሪቷ ሌንሱ ፊት ታደራለች። ማሽኑ እያንዳንዷን ክንፍ እንቅስቃሴ አድርጎ ስለሚቆጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲቀርጽ ያድራል። ድሩም በብርሃኑ ነጭ ሆኖ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። ካሜራ ያላችሁ ሆቴሎችና ሱቆች በ15 ቀን አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ሌላው ቀረጻን የሚያሳጣ ነገር ሰዓት ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። አንተ «መስከረም 12 ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብትል በማሽኑ ላይ 02:00 ነው። ቀኑ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥለት፣ የ2018 መስከረም 12 ቀን ሴፕቴምበር 22 ቢሆንም፣ ያ ቀን መሽቶ የገባው ሌሊት 8 ሰዓት የሚገኘው በሴፕቴምበር 23 ሥር ነው። ፈላጊው 22 ላይ ከፍቶ ያለፈውን ሌሊት አይቶ «ምንም የለም» ይላል። በዚህ ላይ ብዙ ማሽኖች ከፋብሪካ የሚመጡት በቻይና ሰዓት ተሞልተው ነው፤ ያስተካከለው ከሌለ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ የማሽኑ ሰዓትና የስልክህ ሰዓት ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ፎቶ ይነሡ፤ ልዩነቱ ከዚያ ይሰላል።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲገጥምህ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክት፤ ቀረጻውን በደብዳቤ የሚጠይቀው ፖሊስ ነው። ሆቴሉ ለግለሰብ አልሰጥም ቢል አትቀየመው፤ በዚያ ቀረጻ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ከእርሱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያለው በፍላሽ ተገልብጦ ይቀመጥልኝ። 1 ሰዓት ቀረጻ 1.8 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ሌሊቱን በሙሉ ባይሆንም ብዙውን ይይዛል። ከስክሪን ላይ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አይጠቅምም፤ ፊትም ታርጋም ይደበዝዝበታል፣ ሰዓቱንም አብሮ ላይዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ፔንሲዮን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ካሜራ ሰቅሏል። አንዱ በቀጥታ የእኛን ግቢ ያያል። ሰውየው ከአባቴ ጋር የሚከባበር ስለሆነ ነገር መፍጠር አልፈለግንም። ምን እናድርግ? (የቤቱ ልጅ፣ ከዲያስፖራ ሰፈር)

መልስ፦ መጀመሪያ ካሜራው ምን ያህል እንደሚያይ እወቂ፤ ንግግሩ በዚያ ይቀላል። ሰው ማንነቱ እንዲለይ በምስሉ ውስጥ ለአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ያስፈልጋል፤ ለዚህ የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። በተለምዶ የሚሸጠው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለው ሰፊ ቦታ ያያል፣ ፊት የሚለየው ግን እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር 4 ሜትር ገደማ፣ በ12 ሚሊ ሜትር 17 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ርቀት በኋላም ቢሆን ማን እንደገባና እንደወጣ የሚያውቃችሁ ሰው ይለያል፤ ስለዚህ «ፊታችሁ አይታይም» የሚለው መልስ አይበቃም።

አባትሽ ወይም ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌ ሄደው «ስክሪኑን አሳየን» ይበሉ። ከመሬት ሆኖ መገመትና ስክሪኑን ማየት የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዴ የእናንተ ግቢ ጭራሽ አይገባም፣ አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ሲያየው ይደነግጣል። ግቢያችሁ ካለ መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ካሜራውን ወደ ራሱ በር ማጎንበስ፣ የተረፈውን በሽፋን ማጥቆር፣ ካልበቃ ሌንሱ ጠባብ የሆነ ካሜራ መቀየር። ሲስተካከል ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ካሜራ በንፋስም በጽዳትም ተመልሶ ይዞራል። በዚያው የማሽኑ ፓስወርድ ከፋብሪካ የመጣው እንዳይሆን ንገሩት፤ በኢንተርኔት የተገናኘ ማሽን በፋብሪካ ፓስወርድ ከተተወ የእናንተን ግቢ የሚያየው እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በሽምግልና ካልሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 10 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚደርስ ሕገ ወጥ ድርጊት እንዲቆም ለመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሰዎች አንቀጽ 27ን ቶሎ ይጠቅሳሉ፤ እሱ ግን ያለ ፈቃድ የሰውን ምስል አደባባይ ማውጣትን፣ ማባዛትንና መሸጥን የሚመለከት ነው፤ ቀረጻው ከወጣ ወይም በስልክ ከተዘዋወረ ያኔ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ መልስ እስኪመጣ ካሜራውን በፌስታል ብሸፍነው ወይም ገመዱን ብነቅለውስ? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ አይሆንም። ንብረት ማበላሸት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ያቀረብከውም አቤቱታ በዚያው ይሞታል። በራስህ ግቢ ግን ነፃ ነህ፦ ሸራ ወጥር፣ የሸምበቆ መጋረጃ አቁም፣ የአጥር ተክል አሳድግ። ሸራው መወጠር ያለበት ከአጥሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከአጥሩ ወደ ቤቱ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ነው፤ ዕይታው የሚመጣው ከላይ ነውና።

ጥያቄ፦ እናቴ ዘጌ ነዋሪ ናት፤ መጻፍ አትችልም። እኔ ርቄ ነው ያለሁት። በቃሏ ብትጠይቅ ይቀበሏታል?

መልስ፦ አዎ። አዋጅ 590/2000 መረጃ በቃልም እንዲጠየቅ ይፈቅዳል፤ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጥያቄዋን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። የተጻፈው ይነበብላት፣ ቅጂውን ትቀበል፣ ቀኑና ማኅተሙ መኖሩን አብሯት የሄደ ሰው ይይላት። በጀልባ መጥታ የምትመለስ ከሆነ ጠዋት ትድረስ፤ መዝገብ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ከተዘጋባት ከሰዓት በኋላው ለጽሑፉም ለማኅተሙም ላይበቃ ይችላል።